የረጅሙ እሺታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት በትእዛዝ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ከልጄ በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጣኝ፣ «ከሰው ጋር በተጋጩ ቁጥር ይጻፉት» አለችኝ። «እርስዎ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ያለውንም። ለማንም አያሳዩትም፤ ለራስዎ ነው።»

ሊፍት ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ።

እንግዲህ ይኸው። ረጅሙ ከእኔ ጋር መሥራት አልፈልግም ብሎ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ። ረጅሙ የምንለው አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ የሠራውን ባልደረባዬን ነው፤ በር ባለበት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የግል» ብሎ ጽፏል። እኔና እሱ ደግሞ ምን የግል ነገር አለን?

የሆነው ይህ ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት ባለ ስምንት ፎቁ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ነበርን። ሊፍቱን ይዞ የሚያቆመው የሞተሩ ፍሬን ሸራ ሳስቷል። ረጅሙ «ዛሬውኑ እናቁመው» አለ። እኔ ደግሞ አዲሱ ሸራ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ነው፣ እስከዚያ ሽማግሌዎቹ በምን ይውጡ ይውረዱ፣ ገና ብዙ ያሠራል አልኩ። «ዛሬ እናቁመውና...» ብሎ ሊደግም ሲል፣ ነዋሪዎቹ በተሰበሰቡበት «አንተ ደግሞ ጥላህንም ትፈራለህ!» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ መሣሪያውን ሰብስቦ «እሺ» አለ።

በቃ። ግጭት የተባለው ይኼ ነው። ስድብ የለ፣ ቡጢ የለ።

ተተኪ እስኪገኝ አብረን እንድንቆይ ተወስኗል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የምጽፈው ግጭት የለም። ረጅሙ ምንም ነገር ብለው እሺ ነው። ቁልፉን አቀብለኝ፤ እሺ። ከላይ እንጀምር፤ እሺ። ምሳ አሁን እንብላ፤ «እሺ አለቃ።»

አለቃው ከየት መጣ? ድሮ «ወንድሜ» ነበር የሚለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ግማሽ ቀን ሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የጠቀለለ ሰው ነው። «ከመቃወማችሁ በፊት የሰውየውን ሐሳብ በራሳችሁ አነጋገር መልሳችሁ ንገሩት። 'አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት' እስኪላችሁ ድረስ መልስ አትስጡ» አለ። ይኼ ምን ይከብዳል ብዬ ቤት ገብቼ ሞከርኩት።

ሚስቴ «መጋረጃው ይታጠብ» አለች።

«ስለዚህ አንቺ የምትይው መጋረጃው ቆሽሿል ነው።»

«ቆሽሿል አልወጣኝም። ይታጠብ ነው ያልኩት።»

«ስለዚህ ሳይቆሽሽ ይታጠብ እያልሽ ነው።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ሆነሃል? እስቲ ግንባርህን ልንካው።»

ልጄ ከክፍሏ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ሚስቴ እሷ ጋ ገባችና በሩ ተዘጋ። ሹክሹክታ። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ «...አባዬ ከሰማ አለቀ...» የሚል ሰማሁ። ምኑ ነው የሚያልቀው? በሩን ስከፍተው ሁለቱም ስለ መጋረጃ ማውራት ጀመሩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

በጥድፊያ። የቢሮ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሊፍቱ በር አልዘጋ ብሏል። የበሩ ሞተር ነው፣ ይቀየር አልኩ። ረጅሙ፦ እሺ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሞተሩን ለመቀየር ሁለት ቀን ፈጀብን። ገጠምነው። በሩ አሁንም አይዘጋም።

ላቤን እየጠረግሁ ስቆም ረጅሙ ተንበረከከና በመፍቻ ጫፍ ከበሩ ሐዲድ ውስጥ አንድ ነገር ፈልቅቆ አወጣ። የሴት ጫማ ተረከዝ ላስቲክ። በሩ ተዘጋ።

«መቼ አየኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሞተሩ ነው አልክ። እሺ አልኩ።»

ፊቱ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ የለም። ደስታም የለም። መዳፌ ላይ ላስቲኩን አስቀምጦልኝ ደረጃውን ወረደ።

ይኼን እንዴት ነው የምጽፈው? እሱ ያለው፦ እሺ። እኔ ያልኩት፦ ሌላው ሁሉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ግን ነቅዟል፤ ሽታው ይሰማኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

«ጥላህንም ትፈራለህ» ማለት ይህን ያህል ነው? እኔ ስንት ተብያለሁ።

ሚስቴን ጠየቅኋት። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብላኝ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ወለምታው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ከስድስት ዓመት በፊት የሆነውን ነገር አስቦ ይሆን? ረጅሙ ከሊፍቱ ሥር፣ ጉድጓዱ ውስጥ እየሠራ ሳለ ኃይል ተለቀቀና ሊፍቱ ወረደበት። በጀርባው ተኝቶ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ሲገባ የኃይል ማጥፊያውን ቁልፍ ኪሱ ይዞ ነው የሚገባው። ኃይሉን ማን እንደለቀቀው ያኔ ተጽፏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። የመግባባት ችግር ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም ተብሎ ተዘግቷል።

ተዘግቷል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሱሪዬን ላሳጥር የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «እንኳን ደስ ያለህ! ልጅህ መምህርት ልትሆን ነው አይደል?» አለኝ።

ልጄ ጥሩ መሥሪያ ቤት፣ ጥሩ ወንበር ላይ ነው ያለችው። ሥራዋን ለቅቃ፣ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ፣ ትንሽ ትምህርት ቤት ልታስተምር ነው። ኅዳር 12 ትሄዳለች። ልብስ ሰፊው ያውቃል። እናቷ ታውቃለች። እኔ ለሱሪ ስሄድ ሰማሁ።

ቤት ገባሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሁን እንደምትጮኸው ትጮኻለህ ብዬ።»

«አልጮህኩም!»

ከላይ ፎቅ የጎረቤት መስኮት ተዘጋ። ልጄ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እኔን። «አባዬ፣ ላስረዳህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንደኛው ላይ 'ቅዠት ነው' አልከኝ። ሁለተኛው ላይ ዜና ይጀምራል አልከኝ። ሦስተኛውን ራሴ ተውኩት።»

አንዱንም አላስታውስም። ቅዠት ማለትማ ብዬ ይሆናል። ግን ምኑን? ለእሷ ብዬ እንጂ ለራሴ ብዬ ነው? ልክ ሆኜ እንዴት ሰው ሁሉ ይሸሸኛል? ወይስ ልክ አይደለሁም? እንደዚያ ከሆነ አንድ ሰው እንኳን ለምን ፊት ለፊት አይነግረኝም?

(ያለችውን መልሼ አነበብኩት። ነግራኛለች ለካ። ሦስት ጊዜ።)

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠዋት ስልክ። ባለ ስምንት ፎቁ ሕንፃ። ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆሟል። እዚያ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ሲወጡ አደናቅፏቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ረጅሙ ዛሬ ፈቃድ ላይ ነው። ብቻዬን እየሄድኩ ነው።

ያው ቀን፣ አመሻሽ

የሞተሩ ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። ስምንቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። መለኪያውን አውጥቼ የፍሬኑን ሸራ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። መብራቱን አቅርቤ ሦስተኛ ለካሁ።

ከልኩ በታች ነው። በአምስት ሳምንት ይህን ያህል አይበላም። ያኔም ከልኩ በታች ነበር ማለት ነው።

ያኔ ለክቼው ነበር ወይ? እጽፈዋለሁ፤ ለማንም አይታይም ተብሏል። አልለካሁም። በዓይኔ ነው ያየሁት። የለካው ረጅሙ ነው። ቁጥሩን ሊያሳየኝ መለኪያውን ዘርግቶልኝ ነበር፤ እኔ ወደ ነዋሪዎቹ ዞሬ እያወራሁ ነበር።

ኃይሉን አጥፍቼ ቆለፍኩ። በየፎቁ ወረቀት ለጠፍኩ። አምስተኛው ላይ አንድ ሰውዬ «ያኔ ደህና ነው ብለህ አልነበር?» አለኝ። ነበር አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ከሕክምና መጡ። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። ሁለት ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሟቸው፤ እኔም ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ አንዱን እግር ያዝኩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ረዥም ሰው ይቁም ሲል እኔም ሰምቼው ነበር። አንተ ስትቀልድበት እኔም ከሳቁት ነኝ። ሊፍቱ እንዲቆምብኝ ስላልፈለግሁ ነው የሳቅሁት።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከሥራ በኋላ ረጅሙ ቤት ሄድኩ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ብቻ ነው የረገጥኩት። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። «ግባ» አለች። ረጅሙ በዚያ ቁመቱ ሶፋ ላይ ተጣጥፎ የሸሚዝ ቁልፍ ይሰፋል።

«ሊፍቱን አቆምኩት» አልኩ።

«ሰማሁ። መምህርቷ እንዴት ናቸው?»

«እጃቸው ተሰብሯል።»

ልክ ነበርክ፣ ይቅርታ ልለው መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን «ለምን አልተከራከርከኝም? ለምን ለጥገና ኃላፊው አልነገርክም?» ነው። ወዲያው አፌን በቆረጠው አልኩ፤ በሆዴ።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። «እኔም ከትናንት ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። መናገር ነበረብኝ። ግን እልህ ያዘኝ፤ ይየው ራሱ አልኩ። የመምህርቷ እጅ ላይ የእኔም እልህ አለበት።»

ይኼን አልጠበቅሁም። ለእሱ መከራከር ሁሉ አማረኝ።

«ያን ቀን ግን» አለ፣ «ዐረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም ነበር።»

«የቱን?»

«ዛሬ እናቁመውና፣ ሊፈርስ ከተባለው መጋዘን የሸቀጥ ሊፍት ላይ ሸራውን ፈትተን እናምጣ። ሞተሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሸራው ከተቀየረ ዓመት አልሞላውም። ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብን፤ ሽማግሌዎቹን ለሁለት ቀን እኛው እንደግፋቸዋለን። ልል የነበረው ይህን ነው።»

ሁለት ቀን። እኔ ስድስት ሳምንት ይቆማል እንዳለ አድርጌ ነው የተከራከርኩት። ስድስት ሳምንቱን ያልኩት ራሴ ነኝ። ከራሴ ጋር ተከራክሬ፣ አሸንፌ፣ እሱን አሳፈርኩት።

አሠልጣኙ ትዝ አለኝ። «ስለዚህ አንተ የምትለው...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ተወው። እኔንም ልከውኛል እዚያ ሥልጠና።» ሊስቅ ምንም አልቀረው። ሚስቱ ሻይ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ልታዳምጥ እንደሆነ ገባኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ጉድጓዱ ውስጥ ሳለሁ፣ ኃይሉን ከመልቀቅህ በፊት ልልቀቅ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ምን ብዬ መለስኩልህ?»

«እሺ አልክ።»

«ቆይ ነው ያልኩት።»

«እሺ ነው የሰማሁት!»

«አውቃለሁ። ውሸታም አላልኩህም። አንተ የምትሰማው እሺን ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሌላም ሌላም ብዬ ሞከርኩ። ሲሰለቸኝ የምትሰማውን ሰጠሁህ። ፈሪ መባልን ሰው ሁሉ ያልፈዋል፤ አንተ ግን ከምን የተነሳ እንደምፈራ የምታውቅ ሰው ነህ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ይቅርታ አልኩት። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። እሱ አልቆጠረም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ልወጣ ስል ሚስቱ እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

እሺ እንዳለ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በዚህ ጆሮ ነው የሰማሁት። ግን እሱም በራሱ አፍ ነው የተናገረው፤ የራሱን ቃል ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ልል ነው? ደግሞስ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ምን ነበር ያልከው ብዬ ጠይቄዋለሁ? አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው እንዴት ይረሳል?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ኃላፊው ፈቀደ። መጋዘኑ ሄደን ሸራውን ፈታን። አቧራው ጉድ ነው። ለካነው፤ እሱ ለካ፣ ቁጥሩን አነበብኩ፤ እኔ ለካሁ፣ ቁጥሩን አነበበ።

ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ላይ ስንገጥም የፍሬኑ ስፕሪንግ ላይ ተጣላን። እኔ ይጥበቅ፣ እሱ ይላላ። «ካጠበቅኸው ሲቆም ይንጣል፤ መምህርቷ ዳግመኛ ይወድቃሉ» አለ። «ካላላኸው ደግሞ ሲሞላ ይንሸራተታል» አልኩ። «አንተ ግትር!» አልኩት፤ ደነገጥኩ። እሱ ግን «ግትርስ አንተ!» ብሎ መፍቻውን ቀማኝ። አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ስምንት ሰው የሚያህል ክብደት ጭነን፣ ከዚያ ባዶውን፣ ሁለቱንም ሞከርነው። እኔ ካልኩት ላላ፣ እሱ ካለው ጠበቀ። በየፎቁ ከወለሉ እኩል ቆመ።

ደክሞኛል። የገረመኝ ነገር፣ ልክ የነበረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥራው ግን አልቋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ልጄን አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። በመንገድ «እስቲ ንገሪኝ፣ ለምን?» አልኳት። ነገረችኝ። አሁንም ስህተት ይመስለኛል። መቋረጥ የማይገባው ቦታ ላይ ሁለቴ አቋረጥኳት፤ ሁለተኛው ላይ አፌን በእጄ ያዝኩ። አየችኝና «ቀስ በቀስ» አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

ሻንጣዋ ከባድ ነበር። አላስነካም አለች። እሺ አልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ረጅሙ ማመልከቻውን ያነሳል ብዬ ነበር። አላነሳም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ቡድን ነው።

«ይቅር አላልከኝም ማለት ነው?»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከእኔ ጋር ስትሆን ተጠንቅቀህ ነው የምታወራው፤ እኔም ተጠንቅቄ ነው የምመልስልህ። ሁለት ሰው ተጠንቅቆ እየተነጋገረ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራም። ትንሽ ራቅ እንበል።»

«እኔ እንደዚያ አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አብረን ብንቆይ ይሻላል ባይ ነኝ። ሦስት ምክንያት አለኝ።»

«ንገረኝ።»

ሦስቱንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ሁለተኛው ጥሩ ነው» አለና ሄደ።

ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም? የሰው ኃይል ኃላፊዋን ብጠይቃት ይጻፉት ትለኛለች። ጻፍኩት። አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ልጄ ስትደውል ወደ እናቷ ስልክ ነው። ዛሬ የጮኸው የእኔ ነው። የሆነ ነገር ደረሰባት ብዬ ተሯሩጬ አነሳሁት።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። አትወደውም።»

«እናትሽን ልጥራት?»

«ላንተ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለአንድ ዓመት ብላ ነበር የሄደችው፤ አሁን እዚያው ልትቀር ነው። ክፍሏ ውስጥ ስላሉት ልጆች ነገረችኝ፤ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ትናንት እጇን አውጥታ «መምህር፣ ተሳስተሻል» እንዳለቻት ነገረችኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የእውነትም ተሳስታ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፣ ድምጿ ደግሞ ይሰበራል። አራት መልስ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። አንዱ በጣም ጥሩ ነበር።

ስትጨርስ «ጨረስሽ?» አልኳት።

«ጨረስኩ።»

«አልስማማም» አልኩ። ለምን እንደማልስማማ ነገርኳት፤ ሳልጮህ፣ ቢያንስ ከላይ ፎቅ መስኮት አልተዘጋም። እሷም መለሰች። የቤት ኪራዩን ነገር ልክ ነህ አለች፤ የሥራውን ግን ፈጽሞ። ተከራከርን። ሒሳቧ እስኪያልቅ ተከራከርን፤ ስልኩ ሲቋረጥ ሞልታ መልሳ የደወለችው እሷ ናት።

ሲያበቃ ሚስቴ እርጥብ እጇን እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

«ምን አለችህ?» አለችኝ።

በዚህ ቤት ስለ ልጃችን እኔ ተጠይቄ አላውቅም። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።